ስለ ኖኅ ውሃ የተደረገ ሙግት

ጡረታ ስወጣ ከትራም መሪዬ፣
ሙግት ወሰደኝና ሌሊት ሆነ ሥራዬ።
ግዳንስክ ስትተኛ፣ ባሕሩ ሲያንኮራፋ፣
ከማላውቀው ሰው ጋር ቃል ለቃል ስጋፋ፣
በስልኬ ብርሃን።

ስሙን «ዝገት» ብሏል፤ መልክ የለው፣ ዕድሜ የለው።
እኔም «ሳራ» ነኝ፤ በዘጠና ዓመቷ የሳቀችዋን ሴት ስሟን የተዋስኩት ቦጉሚዋን ልደብቅ ነው።

ሦስት ዓመት ሆነን።
በኢዮብ ተጣላን፦ «አሥር ልጅ ቢተካለት፣ የሞቱትን አሥር ማን ቆጠረለት?» ሲል፣
ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጥ አደርኩ፣ መልሱ ከሚቀጥለው ገጽ የተጻፈ ይመስል።
በዮናስ ዓሣ ላይ አንድ ክረምት ፈጀን፤
በስደተኞች ጀልባ፣ በድንበሩ ሽቦ፣ በምርጫው ማግሥት ደግሞ እንደ ጠላት ተፋጀን።
«የዋህ አሮጊት» አለኝ። «ባዶ ቆርቆሮ» አልኩት።
ጥቅስ ብደረድርበት ጥቅስ ደረደረብኝ፤ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል መጽሐፉን፣ ያላመነበት።
ማን እንደረታ ሲነጋ አላውቅም፤
ሻዬ ግን ቀዝቅዟል፤ በዚህ ክርክር የለንም።

በኅዳር አንድ ሌሊት ነገሩ ስለ ኖኅ ነበረ።
«ሕፃናቱስ?» አለኝ። «መርከቧ ስትዘጋ ውጪ የቀረው ሕፃን ምን አጠፋ?» ብሎ ጀመረ።
ጣቴን አሹዬ ስለ ፍርድ ልጽፍ ስል፣
ቀደመኝ፦ «ቆይ፣ ባልዲ ላምጣ። የእኔም ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፤ ጥፋት ውሃ መቼም ከላይ ነው የሚመጣው።
ከበላዬ ያለችው ሴትዮ፣ የትራም ነጂዋ፣
ሦስት ጊዜ ወረቀት በበሯ ሥር አስገባሁ፤
ዝም።
እሑድ እሑድ ግን ቅዳሴ አታጓድልም።»

እጄ ስልኩ ላይ ደረቀ።
ሦስት ወረቀት። አውቃቸዋለሁ።
በአንዱ ጀርባ የገበያ ዝርዝር ጽፌበታለሁ፦ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ሻማ።
ሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ከፍቼ ያነበብኩት የለማ።
አቶ ፔፕሊንስኪ! መርከብ ይበይድ የነበረው፣
አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ቁጥሩን እንጂ ፊቴን የማያየው።
እኔስ? ከጫማው ሌላ ምኑን አውቃለሁ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማይን ስንከፋፈል፣
ለካ የእሱ ጣሪያ የእኔ ወለል።
በመካከል አንድ ክንድ የማይሞላ ሲሚንቶ።

ተነሣሁ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበረከክኩ።
ቧንቧውን የጠመጠምኩበት ጨርቅ እንደ ሰፍነግ አብጦ ነበር። ነካሁት፤ አለቀሰ።
ለጸሎት እንኳ እንዲህ ቆይቼ አላውቅም በጉልበቴ።
ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ሆኜ ጻፍኩ፣ እየደለቀ ልቤ፦
«ያቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ቆየ።
«ምን አውቄ» አለ። «ብቻዋን ናት። መብራቷ ሌሊት አይጠፋም።
አንዳንዴ ብቻዋን ስትስቅ ይሰማኛል፤ በምን እንደሆነ አላውቅም።»

እኔ አውቃለሁ በምን እንደሆነ።
የሎጥ ሚስት ጨው ሆና ስትቀር ለሾርባ ተርፋለች ያለ ጊዜ ነው፤
ሰደብኩት፤ ግን መጀመሪያ ስቄ ነው።

ጠዋት ዜኖን መጣ፤ ከነቁልፉ፣ ከነጉንፋኑ፤
መቶ ሰማንያ ዝሎቲ ከጡረታዬ ላይ፣ ከነማስነጠሱ ከነሥልጣኑ።
«ይህን ጨርቅ ማን አሠረው?» አለ። መልስ አልሰጠሁም።
ወደ ታች ወርጄ ላንኳኳ ነበር። ካፖርቴን ለበስኩ።
አወለቅኩት።
በስልክ ዓለምን የምዳኝ ሴት፣ አሥራ ስድስት ደረጃ አቃተኝ።

ማታ ጻፈ፦ «ተአምር ነው፣ ሳራ፤ ጣሪያዬ ደረቀ።
ይህ ግን አምላክ መኖሩን አያረጋግጥም።»
«አያረጋግጥም» አልኩ። «ቧንቧ ሠሪ መኖሩን እንጂ።»

ላኩት፤ ከላኩት በኋላ ደነገጥኩ።
ስለ ቧንቧ ሠሪ ማን ነገረኝ?

ዝምታ። ረጅም ዝምታ።
ከሥሬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።
እግር ወደ መስኮቱ ሄደ። ቆመ። ተመለሰ።

ከዚያም ስልኬ በራ፦
«ወደ ሕፃናቱ እንመለስ፤ ገና አልመለስሽልኝም።»

እውነቱን ነው።
አልመለስኩለትም።